ጓያ እግርን ሰብሮ አእምሮን ለምን ይተዋል?

የደላንታው (ውይይቱን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ይህን ጥያቄ የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ወገል ጤና ወጥቼ ከአጎቴ ዘንድ ሁለት ቀን ከሰነበትሁ በኋላ ነው። አጎቴ በ1989 ዓ.ም. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ጓያ የሰበራቸው ሰው ናቸው። ዝናቡ አጥሮ ገብሱም ስንዴውም ሲከዳ በማሳው ላይ የተረፈው ጓያ ብቻ ስለነበረ፣ ቤተሰቡ እሸቱንም ቆሎውንም ንፍሮውንም ቂጣውንም ከእርሱ እያደረገ ለወራት ከረመ። አንድ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ ባታቸውን እየጨመደዳቸው ተኙ፤ ሲነጋ እግራቸው እንደ ግንድ ከብዶ አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለት ምርኩዝ፣ በጣታቸው እየረገጡና ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው የሚሄዱት።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። እግራቸው አይታዘዝም እንጂ ቢቆነጥጧቸው ይሰማቸዋል። እጃቸው ደህና ነው፤ ተቀምጠው እንጨት ይፈልጣሉ። አእምሯቸውን በተመለከተ የቅሬያችን ጸሐፊ እርሳቸው ናቸው፤ የዛሬ አሥር ዓመት ማን ስንት ብር እንዳልከፈለ መዝገቡን ሳይገልጡ ይናገራሉ። የሰፈራችን ሰው ግማሹ «ነርቩ ደርቋል»፣ ግማሹ «ደም ሥሩ ታስሯል» ይላል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤትም «ነርቭ የሚያፍታታ ነው» ብሎ ለወራት መርፌ ሲወጋቸው ከርሞ የአንድ በሬ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። እኔ ደግሞ በቅርቡ ጓያ የሚጎዳው አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ፣ መሆኑን አነበብሁ። የተጎዳው አንጎል ከሆነ አእምሯቸው ለምን አልተነካም? የተጎዳው የእግር ነርቭ ከሆነስ ስሜቱ ለምን ቀረ? የሚያውቅ ሰው በትዕግሥት እንዲያስረዳኝ እለምናለሁ።

መምህር ዘኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር የነርቭን ሥርዓት ለማስረዳት የእንቁራሪት ሥዕል በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ስደክም ኖሬ፣ ከጓያ በሽታ የተሻለ ማስረጃ በአጠገባችን እንዳለ ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ይህ በሽታ ከመላው የነርቭ ሥርዓት ውስጥ አንዱን መንገድ ብቻ መርጦ ስለሚቆርጥ፣ መንገዱ በየት በየት እንደሚያልፍ በግልጽ ያሳያል።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። በእኛ አነጋገር ጅማት፣ ደም ሥርና ነርቭ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ለዓረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ የገፈፈ ሰው ግን ሦስቱንም አይቷቸዋል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጠንካራና አብረቅራቂው ጅማት ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ደም የሚያስተላልፈው ደም ሥር ነው፤ በታፋው ሥጋ መሐል ተጋድሞ የሚገኘው ነጭ፣ ድፍንና ለስላሳ ገመድ ደግሞ ነርቭ ነው። ይህ ገመድ አንድ ነገር መስሎ ቢታይም በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች የታሰሩበት ነዶ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክር የአንድ ሕዋስ ረጅም ክንድ ነው። ስለዚህ «ነርቩ ደረቀ» ማለት ብዙም ትርጉም አይሰጥም፤ ከየትኛው ሕዋስ የተነሣው ክር እንደተጎዳ መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ አንጎል እንውጣ። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ዐርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን ይበላል። በውስጡም ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ከላይ ሁለት እኩሌታ ያለው ትልቁ አንጎል ተቀምጧል፤ ከኋላ በኩል ከሥሩ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውና ሚዛንን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል አለ፤ ሁለቱንም ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው የአንጎል ግንድ ደግሞ ትንፋሽንና የልብ ምትን ይቆጣጠራል። (አረቄ የጠጣ ሰው ሲንገዳገድ የሚታየው አንዱ የተረበሸበት ክፍል ትንሹ አንጎል ነው፤ የአጎትህ አካሄድ ከእርሱ ጋር አይመሳሰልም።)

የትልቁ አንጎል ቆዳ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ተጨማድዶ ስለተከተተ ብዙ ስፋት አለው፤ ሥራውም በቦታ በቦታ የተከፋፈለ ነው። ከራስ ቅል ኋላ ያለው ክፍል ለማየት ነው፤ በጆሮ በኩል ያለው ለመስማትና ለትውስታ ያገለግላል፤ ግንባር በኩል ያለው ለማቀድና ለማመዛዘን ነው። ከዚህ ከግንባሩ ክፍል በስተኋላ፣ ከጆሮ ተነሥቶ በአናት ላይ የሚያልፍ፣ ሻሽ በሚታሰርበት አቅጣጫ የተዘረጋ ጠባብ ሰቅ አለ፤ ጡንቻን የሚያዝዘው ይህ ነው። በዚህ ሰቅ ላይ ሰውነታችን የተገለበጠ ይመስል ፊት ከታች፣ እጅ ከመሐል፣ እግር ደግሞ ከአናት ጫፍ ላይ ሁለቱ እኩሌታዎች በሚለያዩበት ስንጥቅ ውስጥ ተወክሏል።

ከዚያ ቦታ የሚነሣ አንድ ሕዋስ ክንዱን ወደ ታች ይሰድዳል። ክንዱ በአንጎል ግንድ ውስጥ ያልፋል፤ በግንዱ ታችኛ ጫፍ ላይ አብዛኛው ክር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻገራል፤ ከዚያም በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እስከ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ሕብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለውና የሚያበቃውም ከወገብ በላይ ስለሆነ፣ መልእክቱ እዚያ ለሁለተኛ ሕዋስ ይተላለፋል፤ ይህ ሁለተኛው ክንዱን በታፋ በኩል እስከ ባት ድረስ ይዘረጋል። አንደኛውን የላይኛው መልእክተኛ፣ ሁለተኛውን የታችኛው መልእክተኛ እንበላቸው። ጓያ የሚገድለው የላይኛውን፣ በተለይም ወደ እግር የሚወርደውን ነው። ለምን እግር? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ከሁሉ የሚረዝሙት ክሮች ለእግር የተመደቡት ስለሆኑ ቀድመው ይጎዳሉ የሚል ነው።

ስሜት ግን የሚወጣው በሌላ መንገድ ነው። እሾህ የወጋውን የሚያሳውቁ ክሮች በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የራሳቸው ጎዳና ስላላቸው ጓያ አይነካቸውም። የቅሬው መዝገብ የተቀመጠበት የትውስታ ክፍልም ከእግር ማዘዣው የራቀ ነው። እንዲያውም የአጎትህ ተቃራኒ የሆነ ሰው በሕክምና ታሪክ ውስጥ አለ። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታውን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና በሁለቱም በኩል የትውስታ ክፍሎቹ ስለተወገዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ አሁን ያገኘውን ሰው ጥቂት ቆይቶ አያስታውስም ነበር፤ ነገር ግን ይራመዳል፣ ይናገራል፣ በእጁ የሚሠራ አዲስ ሙያ ሲያለማምዱትም መለማመዱን ራሱ ሳያስታውስ እጁ ይለምድ ነበር።

ከጦሳ ሥር

መምህር፣ ትምህርትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አዛዡ ከሞተ እግሩ እንደ ጨርቅ መልፈስፈስ ነበረበት እንጂ ለምን ይገተራል? የጎረቤቴ ልጅ በሕፃንነቱ ልምሻ ይዞት እግሩ የቀጠነና የላላ ሆኖ ቀርቷል፤ ትእዛዝ የተቋረጠበት እግር ማለት ለእኔ እንዲያ ያለው ነው። ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ጓያ የሚሰብረው በመብል ብቻ ሳይሆን ሲያብብ በማሳው መሐል ያለፈን፣ ጭዱ ላይ የተኛን፣ ሲቀቀልም በእንፋሎቱ የታጠነን ሰው ነው ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ያዩ ሰዎች ዝም ብለው ተናገሩ ለማለት ይከብደኛል።

ሲስተር ከወልድያ

ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የነገሩ ቁልፍ ስለሆነ ባጭሩ ባልፈው ይቆጨኛል።

የታችኛው መልእክተኛ ከላይ ትእዛዝ ሲመጣለት ብቻ የሚሠራ ሎሌ አይደለም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በቀስታ ሲመቱት ጡንቻው በድንገት ይሳባል፤ መሳቡን የሚያስታውቀው ክር ወደ ሕብለ ሰረሰር ገብቶ በቀጥታ የታችኛውን መልእክተኛ ይቀሰቅሰዋል፤ እርሱም ጡንቻውን ያኮማትረዋል፤ እግርም ይፈናጠራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አንጎል ሳይጠየቅ ነው። ከላይ የሚወርዱት ክሮች ታዲያ ሁለት ሥራ አላቸው፤ አንዱ «ተንቀሳቀስ» ማለት ሲሆን፣ ሌላው ይህ ከታች ያለው ዑደት ከልክ እንዳያልፍ እንደ ልጓም መያዝ ነው። ጓያ የላይኛውን ሲገድል ትእዛዙም ልጓሙም አብረው ይጠፋሉ። በቅሎዋ ግን አለች፤ ልጓም የሌላት በቅሎ ሆና ቀረች እንጂ። ስለዚህ ጡንቻው ትንሽ በተሳበ ቁጥር ይጨመደዳል፣ ባት ተኮማትሮ ተረከዝን ያነሣል፣ ታፋም ወደ ውስጥ እየሳበ ጉልበትን ከጉልበት ያጋጫል። ሐኪም የእግርን መዳፍ ከተረከዝ ወደ ጣት ሲፍቅ አውራ ጣት ወደ ላይ ከተቀለበሰ የላይኛው መንገድ መጎዳቱን ያውቃል፤ ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1896 የገለጠው ባቢንስኪ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ነው።

የልምሻ ቫይረስ ግን የሚገድለው የታችኛውን መልእክተኛ ራሱን ነው። ወደ ጡንቻው የሚደርስ ምንም ነገር ስለማይኖር ጡንቻው ይላላል፣ እየዋለ እያደረም ይመነምናል፤ ጉልበቱን ቢመቱትም አይፈናጠርም። ስለዚህ የጎረቤትዎ ልጅና የደላንታው ሰው ሁለቱም «ሽባ» ቢባሉም የተጎዱት በተለያየ ቦታ ነው።

ስለ እንፋሎቱና ስለ ማሳው ግን በአክብሮት አልስማማም። መርዙ ኦዳፕ የተባለ በፍሬው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሲሆን የሚገባውም በአፍ ብቻ ነው። አባቶቻችን ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ግን በጎኑ ካለው ጋር አያያዙት። በእሸቱና በአጨዳው ወቅት ማሳው ውስጥ የሚውለው ሰው እሸቱንና ቆሎውን አብዝቶ የሚበላው ያው ሰው ነው፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከከባድ የጉልበት ሥራ በኋላ በድንገት ስለሆነ «ማሳው መታው» ቢባል አያስገርምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ በተባለ በዛሬይቱ ዩክሬን በሚገኝ የእስረኞች ካምፕ የታሰሩ አይሁድ ለከብት መኖ የተዘጋጀ ጓያ በየቀኑ ሲበሉ በመቶዎች የሚቆጠሩት በተመሳሳይ መንገድ እግራቸው ተያዘ። አብሯቸው የታሰረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን የለየው በዚያው ነው። እነዚያ ሰዎች የጓያ አበባ አላዩም፣ ጭዱም ላይ አልተኙም።

በእኛ አገርም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቁ በኋላ በደላንታና በዳውንት የተከሰተው ወረርሽኝ በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በዚያ አካባቢ የተደረገው ጥናት ጓያውን እሸት፣ ቆሎና ንፍሮ አድርገው የበሉት የበለጠ እንደተጎዱ፣ ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ግን አደጋው እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እህል ሰልፈር ያለባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች ስለሚሰጥ ለነርቭ ሕዋስ መከላከያ ይሆናል። በረሃብ ዘመን የሚጠፋው ደግሞ ያ እህል ነው።

የደላንታው

ሲስተር፣ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጓሙ ነገር ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንድ ፍሬ እህል ሕዋስን እንዴት ይገድላል? ሽምብራና ባቄላስ ለምን አይገድሉም?

መምህር ዘኮምቦልቻ

ይህን ለመመለስ አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክቱን እንዴት እንደሚያቀብል ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ክር ውስጥ መልእክቱ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የክሩ ጫፍ ግን ቀጣዩን ሕዋስ አይነካውም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ነርቮች እንደ መረብ የተያያዙ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው የቆመ ነው የሚለው ጉዳይ ሊቃውንቱን ብዙ አከራክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤልን ሽልማት በአንድ መድረክ የተካፈሉት ጣሊያናዊው ጎልጂና እስፔናዊው ካሃል በዚሁ ጉዳይ የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ። የካሃል ወገን ረታ፤ የረታውም ጎልጂ ራሱ በፈለሰፈው የማቅለሚያ ዘዴ ተጠቅሞ መሆኑን ባስታወስሁ ቁጥር ሳቅ ይመጣብኛል።

ክፍተቱን የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ይህን ኦቶ ሎቪ እ.ኤ.አ. በ1921 በሁለት የእንቁራሪት ልብ አሳየ። የአንዱን ልብ ነርቭ ቀስቅሶ ምቱ እንዲዘገይ ካደረገ በኋላ ያ ልብ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላው ልብ ላይ ቢያፈስሰው፣ የሁለተኛውም ምት ማንም ነርቩን ሳይነካው ዘገየ። ኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ የታወቀው ይህ ኬሚካል፣ የታችኛው መልእክተኛችን ባትን «ተኮማተር» የሚልበትም ነው።

በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሕዋስ ሕዋስን የሚቀሰቅስበት ዋናው ኬሚካል ግን ግሉታሜት ይባላል። ግሉታሜት ተለቆ፣ ቀጣዩን ሕዋስ ቀስቅሶ ወዲያው ከክፍተቱ ይጠረጋል። ኦዳፕ በቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል የእርሱን መቀበያ ይይዛል፤ ለሕዋሱም ቤተኛ መስሎ ያለማቋረጥ በሩን እንደሚያንኳኳ እንግዳ ይሆንበታል። ሕዋሱ ለእያንዳንዱ ማንኳኳት መነሣት አለበት፤ በተነሣ ቁጥር ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል፤ ካልሲየሙ ከልክ ሲያልፍ የራሱ የሕዋሱ ኢንዛይሞች ሕዋሱን ያፈርሱታል። ሞቱ ከመጠን ያለፈ ሥራ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሽምብራና ባቄላ ኦዳፕ ስለሌላቸው ይህን አያደርሱም። ጓያም ቢሆን በትንሹ ተቀላቅሎ አልፎ አልፎ ሲበላ አይሰብርም፤ የሚሰብረው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። የሞተውም የነርቭ ሕዋስ በሌላ ስለማይተካ «ነርቭ የሚያፍታታ» የተባለው መርፌ የት ቦታ ምን ሊያፍታታ እንደነበር ሻጮቹ ቢነግሩን ደስ ባለኝ።

ሲስተር ከወልድያ

መምህር ይቅር ይበሉኝና፣ «በኤሌክትሪክ ይሄዳል» የሚለው አባባል አንባቢን እንዳያሳስት ትንሽ ላርመው። ነገሩ የቤት መብራት ገመድ አይደለም። በክሩ ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች በተራ በተራ እየተከፈቱ ሶዲየምና ፖታሲየም ሲገቡና ሲወጡ የሚተላለፍ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ውሱን ነው። ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክቶታል። በእኛ ሰውነት ማይሊን የተባለ የስብ ልባስ ያላቸው ወፍራም ክሮች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ፤ ልባስ የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር አያልፉም። እንቅፋት መትቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ መመታታችሁን ታውቃላችሁ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ የሚለበልበው ሕመም ይደርሳል። ሁለተኛው ሕመም ዘግይቶ የመጣው መንገዱ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።

የቦርከና ዳር

አሰላሙ አለይኩም። ጥያቄዬ ከጓያው ትንሽ የራቀ ቢሆንም መልሱ በዚሁ ውይይት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እናቴ ባለፈው ረመዳን ከሱሑር በኋላ የቀኝ እጃቸውና የቀኝ እግራቸው በአንድ ጊዜ ከዳቸው፤ አፋቸው ተጣመመ፤ የምንላቸውን ይሰማሉ፣ መመለስ ግን ተሳናቸው። ጎረቤት «ነፋስ መታቸው» ብሎ ሲያሻቸውና ሲያጥናቸው ስለዋለ ወደ ሐኪም የሄድነው በማግሥቱ ነው። ዛሬ በመጠኑ ቢሻላቸውም ንግግራቸው ገና ነው። ጓያ ሁለቱን እግር ሲይዝ የእናቴ ለምን በአንድ በኩል ሆነ?

ሲስተር ከወልድያ

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። የእናትሽ ስትሮክ ነው። ጓያ መርዙ በደም ተበትኖ አንድ ዓይነት ሕዋሳትን በግራም በቀኝም ይመርጣል፤ ስትሮክ ግን አንድ የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ያ ደም ሥር የሚያጠጣው ቦታ ሁሉ ዘር ሳይለይ ይጎዳል። ቦታው በግራው እኩሌታ ላይ ከሆነ፣ መምህር እንዳሉት ክሮቹ ስለሚሻገሩ፣ የሚከዳው የቀኙ አካል ነው።

ንግግሩም ለዚያ ነው። በአብዛኛው ሰው የንግግር ማዘዣው በግራው እኩሌታ፣ ከእጅና ከፊት ማዘዣ አጠገብ ይገኛል። ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 የሚባለውን የሚረዳ፣ ሲናገር ግን «ታን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ማውጣት የማይችል አንድ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው ግንባር ክፍል አገኘው። እናትሽ መስማታቸው ቀርቶ ሳይሆን ቃሉን ወደ አፍ የሚያወጣው ክፍል ተጎድቶባቸው ነውና፣ እንደማይሰሙ ቆጥሮ በፊታቸው ስለ እርሳቸው መነጋገር ይጎዳቸዋል።

ለሌሎቻችሁ የምለው፣ ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ካያችሁ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን የደም መፍሰስ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ማሻሸቱና ማጠኑ የሚወስደው ይህንን ሰዓት ነው።

ከጦሳ ሥር

ስለ እንፋሎቱ ተረትቻለሁ፤ የካምፑ ታሪክ አፌን አስያዘኝ። እኔም በተራዬ አንድ ላክል። በልጅነቴ አባቴ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲሄዱ አብሬ እወጣ ነበርና፣ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ትኩስ ምጣድ ጨብጠው ሳይሰማቸው ሲቃጠሉ አይቻለሁ። እንደ እናንተ አገላለጥ እነርሱ ትእዛዙ ሳይሆን ወሬው የተቋረጠባቸው መሆን አለባቸው።

መምህር ዘኮምቦልቻ

በትክክል፣ ጋሼ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ባሉት ነርቮች፣ በተለይ ቀዝቀዝ በሚሉት በእጅ፣ በእግርና በፊት አካባቢ ነው። በእነዚያ ነርቮች ውስጥ ስሜት አውጪውም ትእዛዝ አውራጁም ክር አንድ ላይ ስለታሰረ፣ ቀድሞ ስሜት ይጠፋል፣ ኋላም ጣት ይታጠፋል። ጣት የሚቆረጠው ባክቴሪያው በልቶት ሳይሆን ያልተሰማ ቁስልና ቃጠሎ እየተደጋገመ ነው። የአጎታችን እግር ግን ወሬውን በደንብ ያደርሳል፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የማይደርሰው።

ፊዚዮቴራፒስት ከደሴ

ውይይቱን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። ስለ ሕዋሱ ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ አጎትህ ዛሬ ልናገር።

የጓያ ሽባነት ከሰበረበት ቀን በኋላ በራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም፤ ዕድሜም አያሳጥርም። ወደ ኋላም አይመለስም። እኛ ባለሙያዎች በጓያ የተጎዱትን ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድና የሚንፏቀቅ እያልን እንለያቸዋለን። በዕድሜ ብዛት ከሦስተኛው ወደ አራተኛው የወረደ ሰው ካያችሁ፣ ያወረደው አብዛኛውን ጊዜ የባቱ ጅማት እያጠረ መድረቁ ነው። ይህን መከላከል ይቻላል። ግድግዳ ተደግፈው ወይም ተቀምጠው በእግራቸው መዳፍ ሥር ነጠላ አዙረው፣ ባቱን ቀስ ብለው መሳብና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘው መቆየት አለባቸው። «ቀስ ብለው» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲስተር ያስረዳችው ዑደት የሚቀሰቀሰው ጡንቻ በድንገት ሲሳብ ስለሆነ፣ ልጅ መጥቶ በኃይል ቢስብላቸው እግሩ ይበልጥ ይገተራል። ጡንቻ የሚያላሉ እንክብሎችም ግትርነቱን በመጠኑ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ከመጠን ካለፉ ግን ሰውየው የሚቆምበትን ግትርነት ጭምር ስለሚወስዱበት በሐኪም ክትትል ብቻ የሚወሰዱ ናቸው።

የደላንታው

ትናንት ተመልሼ ነበር። የጻፋችሁትን ሁሉ ለአጎቴ አነበብሁላቸው፤ እርሳቸውም ሥዕል ካልሣልህ ብለው ስላስቸገሩኝ በቅሬው መዝገብ ጀርባ ላይ የላይኛውንና የታችኛውን መልእክተኛ ሣልሁላቸው። ከዚያም ፈቅደውልኝ ከጉልበታቸው በታች በእጄ ጠርዝ መታሁ፤ እግራቸው ሊመታኝ እስኪደርስ ተፈናጠረ። የእግራቸውን መዳፍ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው ደግሞ እንደ ስፌት መኪና እግር እየደጋገመ ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ይህን ሁሉ ዘመን የሞተ እግር ተሸክሜያለሁ ስል፣ ለካ የሚሰማው አጥቶ የሚጮኽ እግር ኖሯል» አሉ። የመርፌውን ገንዘብ አንሥተው ግን ተራገሙ።

የአክስቴ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ጓያ ዛሬም በሽሯቸው ውስጥ አለ፤ እርሷ ግን ማንም ሳይነግራት ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፋ ውኃውን ትደፋዋለች፣ ከባቄላና ከአተር ጋርም ትደባልቀዋለች። ሲስተር፣ መዘፍዘፉ ጥቅም አለው? አጎቴም ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቅልኝ ያሉት ነገር አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ሲበረታ ጠዋት እግራቸው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይገተራል።

ሲስተር ከወልድያ

አዎን፣ ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። አክስትህ ባቄላና አተር ስትጨምር የጓያው ድርሻ ያንሳል፣ ይህ መልካም ነው፤ ሰልፈር ያለበትን የፕሮቲን ክፍል የሚሰጡት ግን ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ስለሆኑ፣ ሽሮው ከእንጀራ ጋር እስከተበላ ድረስ አትስጋ። እሸቱንና ቆሎውን ልጆች አብዝተው እንዳይቅሙ ከልክሉ።

ፊዚዮቴራፒስት ከደሴ

የብርዱን ነገር ሁሉም ይነግሩኛል፤ ልጓም የሌለው ዑደት በብርድ ቶሎ ይቀሰቀሳል። ከመኝታ ከመነሣታቸው በፊት ባታቸውን በብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ቢያስሩበትም ይላላል፤ ስሜታቸው ደህና ስለሆነ ሙቀቱ ቢበዛ ራሳቸው ያውቁታል። የምርኩዞቹን ጫፍ ደግሞ ተመልከትልኝ። ጎማው ካለቀ ከአሮጌ የመኪና ጎማ አስቆርጠህ አስገባበት፤ በእናንተ አገር ውርጭ በባዶ እንጨት መሄድ ያንሸራትታል።